ሲቲ ስካኑን ማን ይጠልፈዋል? እውነት ወይስ ተረት

በሆስፒታል የራጅ ክፍል ስለ ሳይበር ጥቃት ሲነሳ የሚሰማው መልስ ከቦታ ቦታ እምብዛም አይለያይም። የሚናገሩት ሰዎች በቅንነት ነው የሚሉት፤ ዳፋው ግን ለሕመምተኛው ይተርፋል።

ተረት፦ «ይሄ የሕክምና መሣሪያ እንጂ ኮምፒውተር አይደለም፤ እኛን ብሎ የሚመጣ ጠላፊም የለም።»

እውነቱ፦ ሲቲ ስካኑም ሆነ ኤምአርአዩ የሚታዘዘው በኮምፒውተር ነው፤ ብዙውን ጊዜም ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ተጭኖበታል። ማሽኑ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያገለግል ይችላል፤ ሶፍትዌሩ ግን ቀድሞት ያረጃል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስ ሆስፒታል መርጦ አልተነሳም። ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር ገደማ በፊት ያወጣው ማስተካከያ ያልተጫነበት ዊንዶውስ ሲያገኝ ገባ። በእንግሊዝ ከ236 የመንግሥት የጤና ትረስቶች ቢያንስ 81ዱ ተስተጓጎሉ፤ 1,220 የምርመራ መሣሪያዎችም ተያዙ። ቫይረሱ እንዳይደርስባቸው ተብለው ከኔትወርክ የተነቀሉት በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም። ምርመራ ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ የተያዘውም የተነቀለውም ማሽን ያው ነው።

ተረት፦ «የሰው ሳንባ ፎቶ ሰርቆ ምን ይሠራለታል?»

እውነቱ፦ ምስሉ ብቻውን አይጓዝም። ማሽኖቹ በሚግባቡበት ዳይኮም በተባለው ደንብ መሠረት የሕመምተኛው ስም፣ የልደት ቀንና የካርድ ቁጥር በፋይሉ ውስጥ አብረው ይቀመጣሉ። ግሪንቦን የተባለ የጀርመን ኩባንያ በ2019 ባደረገው ፍተሻ ወደ 590 የሚጠጉ የሕክምና ምስል ማከማቻ ሰርቨሮች ለማንም ክፍት ሆነው በኢንተርኔት ላይ አግኝቷል።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ስርቆቱ አይደለም። በዚያው ዓመት የእስራኤሉ ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ ሆስፒታል ፈቃድ ራጅ ክፍሉ ገብተው፣ በእጅ መዳፍ የምትያዝ ኮምፒውተር አጠመዱና ሲቲ ስካኑ የሚልካቸውን ምስሎች በመንገድ ላይ ጠለፉ። በሌላ ሙከራቸው ደግሞ በሳንባ ምስሎች ላይ ካንሰር ጨምረውና አጥፍተው ለሦስት ራዲዮሎጂስቶች ሰጡ። ሐኪሞቹ ከተጨመረው 99 በመቶውን እውነተኛ ካንሰር ነው አሉ፤ ካንሰሩ ከጠፋባቸው ምስሎች ደግሞ 94 በመቶውን ጤነኛ አሏቸው።

ተረት፦ «ፓስወርድ አለው።»

እውነቱ፦ የእናንተ ፓስወርድ ይኖረዋል፤ የአምራቹ የጥገና ፓስወርድስ? በታኅሣሥ 2020 ይፋ እንደሆነው፣ ከ100 በላይ የጂኢ ሄልዝኬር መሣሪያ ዓይነቶች የጥገና ፓስወርድ የታወቀና ሆስፒታሉ ራሱ ሊቀይረው የማይችል ነበር።

ተረት፦ «አምራቹ ካልፈቀደ ምንም መንካት አንችልም።»

ግማሽ እውነት ነው። በገዛ ፈቃድ ሶፍትዌር መጫን ማሽኑን ሊያበላሽ ይችላል። «የመንግሥት ፈቃድ እንደገና ያስፈልጋል» የሚለው ሰበብ ግን አሜሪካ ውስጥ አይሠራም፤ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ የተለመዱ የደኅንነት ማስተካከያዎች በአብዛኛው አዲስ ፈቃድ እንደማይጠይቁ ገልጿል።

ማስተካከያ ባይመጣ እንኳ ማሽኑን መለየት ይቻላል። ሲቲ ስካን ከማን ጋር ነው የሚነጋገረው? ከምስል ማከማቻው፣ ቀጠሮ ከሚልክለት ሰርቨርና ምናልባት ከፕሪንተር ጋር። ስለዚህ ከሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተርና ከእንግዳ ዋይፋይ ተለይቶ በራሱ የኔትወርክ ክፍል ይቀመጥ፤ ፋየርዎሉም እነዚህን ብቻ ያሳልፍ። በዳይኮም መሣሪያዎች የሚለዋወጡት መጠሪያ ግን ጥበቃ አይደለም፤ ስም ጠይቆ መታወቂያ ሳያይ የሚያስገባ ዘበኛ ማለት ነው። አምራቹ ከሩቅ ሆኖ ለጥገና የሚገባበት መስመር ደግሞ ሥራ ሲኖር ተከፍቶ ሲያልቅ ይዘጋ።

ራጅ ክፍል የምትሠሩ፣ በዚህ ሳምንት የባዮሜዲካልና የአይቲ ባለሙያዎቻችሁን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። እያንዳንዱ ማሽን በምን ሶፍትዌር እንደሚሠራ፣ ከማን ጋር እንደሚገናኝና ከውጭ ማን እንደሚገባበት በወረቀት ጻፉ። ለዚህ ምንም ግዢ አያስፈልግም።