ወርቃማ ዓሣ ለምን ቶሎ ይሞታል?

ውኃ ውስጥ ሲገባ ጭራውን እያወዛወዘ የሚዋኝ የዓሣ አሻንጉሊት አለ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ውኃው አካሉ ላይ ያሉትን ሁለት ነጥቦች ሲያገናኛቸው ባትሪው ሞተሩን ያንቀሳቅሳል፤ ከውኃ ሲወጣ ይቆማል። ውኃው ቢቆሽሽም አይጎዳውም።

ጎልድፊሽ የሚባለውን እውነተኛውን ወርቃማ ዓሣ ለልጆቻቸው የሚገዙ ብዙ ወላጆች ግን እሱንም እንደ አሻንጉሊት ይይዙታል። ትንሽ ክብ ብርጭቆ ውስጥ ይጨምሩትና ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል። ብዙም ሳይቆይ ሲሞት «ድሮም ዕድሜው አጭር ነው» ይባላል። ይህ እውነት አይደለም። በአግባቡ የተያዘ ወርቃማ ዓሣ ከ10 እስከ 20 ዓመት ይኖራል። እንግሊዝ ውስጥ ቲሽ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሞት 43 ዓመቱ ነበር።

የሚገድለው ምንድን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ቆሻሻ ነው። ዓሣ ከሚበላው ምግብ የሚመነጨው አሞኒያ በመተንፈሻ ስንጥቡ በኩል ወደ ውኃው ይወጣል። ሰፊ ኩሬ ውስጥ ቢሆን ይሳሳል፤ ሦስት አራት ሊትር ውኃ ውስጥ ግን በቀናት ውስጥ ወደ መርዝነት ይደርሳል። አሞኒያ አይታይም፤ ውኃው ጥርት ብሎ ሳለ ዓሣው እየተመረዘ ሊሆን ይችላል። ምልክቱን ከዓሣው ላይ ማየት ይቻላል፦ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን እየከፈተ አየር ይፈልጋል፣ ስንጥቡ ይቀላል፣ ክንፎቹን ሰብስቦ ጥግ ይይዛል።

አሞኒያን የሚያስወግዱት በገንዳው ማጣሪያ ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ናይትሬት ግን ካልበዛ አይጎዳም። ባክቴሪያዎቹ አዲስ ገንዳ ውስጥ እስኪበረክቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ገንዳው ይዘጋጅ፤ ዓሣው በኋላ ይገዛል። በእነዚያ ሳምንታት በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ቢጨመር፣ ሲበሰብስ ለባክቴሪያዎቹ ቀለብ ይሆናል።

እንዴት ይያዝ?

ለአንድ ዓሣ እንኳ 75 ሊትር ያህል የሚይዝ፣ አፉ ሰፊ የሆነና ማጣሪያ ያለው ገንዳ ያስፈልጋል። እንዲያውም የሮም ከተማ እ.ኤ.አ. በ2005 ክብ የዓሣ ብርጭቆን የሚከለክል ደንብ አውጥታለች።

በየሳምንቱ ከውኃው ሩቡን ይቀይሩ፤ ሁሉንም አይድፉ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው፤ በክፍት ባልዲ ለአንድ ቀን ሲቆይ ይተናል። ዋሽንግተን ዲሲን ጨምሮ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ያለው ክሎራሚን ግን በዚህ አይለቅም፤ ከዓሣ መሸጫ የሚገኘውን የውኃ ማከሚያ ጠብታ መጨመር ግድ ነው። ስፖንጁንም በቧንቧ ውኃ አይጠቡት፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይጨርሳቸዋል። ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ማለቅለቅ ይበቃል።

ወርቃማ ዓሣ ጨጓራ የለውም፤ በልቶ የጠገበ አይመስልም። በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ይስጡት። የተረፈው ምግብ በስብሶ አሞኒያ ይሆናል።

ዓሣው አሁን አየር እየፈለገ ከሆነ ምግቡን ያቁሙና ግማሹን ውኃ ክሎሪን በሌለው፣ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር በተመሳሰለ ውኃ ዛሬውኑ ይቀይሩ። በጊዜ ከተደረሰለት ሊተርፍ ይችላል።