የወፍጮ ስምና የወፍጮ ሕንፃ፦ የእንግሊዟ የሰፎክ አውራጃ መዛግብት እንዴት ይነበባሉ?

በምሥራቅ እንግሊዝ በሰፎክ አውራጃ፣ ዉድብሪጅ በምትባል ከተማ፣ በባሕር ውሃ ሙላትና ጉድለት የሚሠራ ወፍጮ ይገኛል። በስፍራው ወፍጮ እንደ ነበረ የሚመሰክረው ቀደምት ጽሑፍ የ1170 ነው፤ ዛሬ ቆሞ የሚታየው ሕንፃ ግን የተሠራው በ1793 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሁለቱ መካከል ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ርቀት አለ። ወፍጮው የ12ኛው መቶ ዓመት ነው የሚልም፣ የ18ኛው መቶ ዓመት ነው የሚልም በየበኩሉ ማስረጃ አለው። ስሕተቱ የሚፈጠረው ሁለቱን ማስረጃዎች ስለ አንድ ነገር እንደሚናገሩ አድርገን ስንወስዳቸው ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም በመዛግብት ውስጥ «ወፍጮ» የሚለው ቃል ምን ምን ነገሮችን እንደሚወክል ማብራራት ነው።

የአውራጃው የወፍጮ ታሪክ በጽሑፍ የሚጀምረው፣ ንጉሥ ዊልያም በ1086 ባስጠናቀረው የዱምስዴይ መዝገብ ነው። መዝገቡ በመላ እንግሊዝ ስድስት ሺህ ያህል ወፍጮዎችን ይጠቅሳል። ሰፎክ፣ ኖርፎክና ኤሴክስ ትንሹ ዱምስዴይ በሚባለው ጥራዝ ውስጥ በተለየ ዝርዝር ሰፍረዋል፤ ጸሐፊዎቹ «ያን ጊዜ» እና «አሁን» እያሉ ከ1066 በፊት የነበረውን በጥናቱ ወቅት ከተገኘው ጋር ያነጻጽራሉ። በዚሁ ጥራዝ ግማሽ ወፍጮ ወይም የወፍጮ ሲሶ የተመዘገበባቸው መንደሮች አሉ። እንዲህ ያለው ቁጥር የፈረሰ ሕንፃን አያመለክትም፤ ከአንድ ወፍጮ የሚገኘው ገቢ ለሁለት ወይም ለሦስት ባለርስቶች መከፋፈሉን እንጂ። ስለዚህ የዱምስዴይ «ወፍጮ» ከሁሉ አስቀድሞ የገቢ መብት ነው። ቁጥሮቹን ደምሮ የመንኮራኩሮችን ብዛት አገኘሁ የሚል ተመራማሪ፣ የቆጠረው ግብርን መሆኑን ልብ ሊል ይገባል።

ሁለተኛው ጥያቄ የወፍጮው ዓይነት ነው። የመካከለኛው ዘመን ጸሐፊዎች የተጠቀሙበት ሞሌንዲኑም የሚለው የላቲን ቃል፣ ቅጽል ካልተጨመረለት፣ ወፍጮው በውሃ ይሁን በንፋስ መሥራቱን አይገልጽም። እህል መፍጨቱንም በእርግጠኝነት አይናገርም፤ የሱፍ ጨርቅ የሚወቀጥበት የውሃ ኃይል መሣሪያም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። በእንግሊዝ ስለ ንፋስ ወፍጮ የሚናገሩ አስተማማኝ ሰነዶች የሚገኙት ከ12ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈን «ወፍጮ» የንፋስ ነው ለማለት ጠንካራ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ የተጻፈውን ደግሞ ወንዙንና ኮረብታውን ሳያዩ መወሰን አይገባም።

ከእነዚህ ቀደምት ሰነዶች አንዱ የተገኘው ከሰፎክ ነው። የቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ገዳም መነኩሴ የነበረው ጆስሊን በዜና መዋዕሉ እንደ ተረከው፣ በ1191 ሄርበርት የተባለ የቤተ ክርስቲያን ሹም በይዞታው ላይ የንፋስ ወፍጮ አቆመ። አበምኔት ሳምሶን ይህን ሲሰማ እጅግ ተቆጣ፤ ወፍጮውም እንዲፈርስ አዘዘ። ሄርበርት ንፋስ የማንም የግል ሀብት አይደለም ብሎ ተከራከረ፤ የሚፈጨውም የራሱን እህል ብቻ እንደሆነ ተናገረ። የአበምኔቱ ሥጋት ግን የከተማው ሰዎች እህላቸውን ወደ አዲሱ ወፍጮ ይዘው መሄዳቸው ነበር፤ ነጻ ሰዎች ስለሆኑ ሊከለክላቸው አይችልም፤ የገዳሙም ወፍጮዎች ገቢ ይጎድላል። በመጨረሻ ሄርበርት የአበምኔቱ ሠራተኞች ከመድረሳቸው በፊት ወፍጮውን ራሱ አፈረሰው። ይህ ወፍጮ በታሪክ የታወቀው ጠብ ስላስነሣ ነው። ማንንም ሳያስቆጣ የሠራ፣ ግብርም ያልተጣለበት ወፍጮ ወደ መዝገብ የሚገባበት ምክንያት አልነበረውም። በየቤቱ የነበረው የእጅ ወፍጮማ ከነጭራሹ ተረስቷል።

ከ13ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የጉልት ሒሳብ መዛግብት ይበረክታሉ። ባለጉልቱ ወፍጮውን በራሱ ሹም በሚያስተዳድርበት ጊዜ፣ ለወፍጮ ድንጋይ፣ ለእንጨት፣ ለብረትና ለክንፎቹ ሸራ የወጣው ወጪ በዝርዝር ይጻፋል። ወፍጮውን ካከራየው ግን ብዙ ጊዜ የሚቀረው የኪራዩ መጠን ብቻ ነው። በመሆኑም የጥገና ወጪ ከሒሳቡ መጥፋቱ ወፍጮው ሥራ ማቆሙን አያረጋግጥም፤ ኃላፊነቱ ወደ ተከራዩ ተላልፎ ሊሆን ይችላል።

ካርታዎችም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። የጆሴፍ ሆድስኪንሰን የ1783 የሰፎክ ካርታ፣ ከ1836ቱ የአሥራት ሕግ በኋላ የተነሡት የአጥቢያ ካርታዎች፣ ቀጥሎም የመንግሥት የካርታ ሥራዎች ወፍጮዎችን በየቦታቸው ያሳያሉ። ሆኖም በአንድ ምሰሶ ላይ የሚዞረው የእንጨት የንፋስ ወፍጮ ተነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ ሊተከል ይችላል። በ1803 በአልድሪንገም የተሠራው የእህል ወፍጮ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ወደ ቶርፕነስ ተወስዶ ውሃ መሳቢያ ሆኗል። ሁለት ካርታዎች በሁለት መንደሮች የሚያሳዩት አንዱን ሕንፃ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው፣ በሳክስቴድ ግሪን ስለ ወፍጮ የሚናገር የ1287 ሰነድ ሲኖር፣ ዛሬ የሚጎበኘው ወፍጮ የ1796 ነው፤ በዚያ ስፍራው አንድ ሆኖ ሕንፃው ተለውጧል።

ከላይ እንደ ታየው፣ በመዛግብት ውስጥ ያለ ወፍጮ ቢያንስ አራት ነገሮችን ሊወክል ይችላል፦ ስፍራን፣ የገቢ መብትን፣ ሕንፃን፣ ወይም በሕንፃው ውስጥ ያለውን መሣሪያ። እነዚህ በአንድ ጊዜ አይወለዱም፤ በአንድ ጊዜም አይሞቱም። ተመራማሪው አንድን ዓመት ከመጻፉ በፊት ዓመቱ የየትኛው እንደሆነ ሊወስን ይገባል። የዉድብሪጅም መልስ በዚህ ይገኛል፦ 1170 የስፍራው ምስክር ነው፤ 1793 የሕንፃው። በ1957 ዋናው የእንጨት ዘንግ ተሰብሮ ወፍጮው ሥራ ሲያቆም ደግሞ ያበቃው የንግድ አገልግሎቱ ነበር፤ ስፍራውና ሕንፃው ግን እስከ ዛሬ አሉ።