ዳኛውም ይቀበራል

ከደሴ ተነስቶ ቦሩ ሜዳን አልፎ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወጣው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ ኩታበር ይደርሳል። አገሩ ደጋ ነው። በገጠሩ ቤቶቹ በየጉብታው ተበታትነዋል፤ ጎረቤት የሚባለው ሰው ሸለቆ ተሻግሮ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ ሌሊት ሰው ቢሞት መቃብሩን ማን ይቆፍራል? ሬሳውን ማን ይሸከማል? ለሩቅ ዘመድ ማን ያረዳል? ወሎ ለዚህ ያቆመው ማኅበር ቅሬ ይባላል።

የአዲስ አበባ ሰው «እድር ማለት ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ብዙም አልተሳሳተም፤ ልዩነቱ ግን መታወቅ አለበት። የከተማው እድርተኛ በየወሩ ገንዘብ ያዋጣል፤ እሱ ባይመጣም ገንዘቡ ይመጣል። በገጠሩ ቅሬ ዋናው መዋጮ ሰውየው ራሱ ነው። ጥሩምባ ሲነፋ ወንዱ ዶማና አካፋ ይዞ ይወጣል፣ ሴቷ እንጀራ ወይም ንፍሮ ይዛ ለቅሶ ቤት ትደርሳለች። ሕመም የጸናበት ሰው መኪና ወደሚገባበት መንገድ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ የሚወርደውም በቅሬው ሰዎች ትከሻ፣ በቃሬዛ ነው። ቅሬ የሚቆመው በሰፈር ስለሆነ፣ እስላምና ክርስቲያን አንድ መንደር ከኖሩ ብዙ ቦታ አንድ ቅሬ ናቸው። ሬሳው በሶላት ይሸኝ በፍትሐት፣ ቆፋሪውና ተሸካሚው ያው ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስኬዱት የቅሬው ዳኛ ናቸው። አባላቱ ተሰብስበው ይመርጧቸዋል፤ ደሞዝ የላቸውም፣ ማኅተምም የላቸውም። አጠገባቸው ደብተር የሚይዝ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ጥሩምባ ነፊ አሉ። ደንቡን ያወጣው አባሉ ነው፤ የመንግሥት እጅ እምብዛም አልገባበትም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 እንኳ የውጭ እርዳታ ተቀባዩን ሁሉ ሲቆጣጠር እድርንና እቁብን ከነጭራሹ አይመለከትም ብሎ ትቷቸው ነበር። ስለዚህ የቅሬ ዳኛ ሥልጣን የሚመነጨው ከሚቀጧቸው ሰዎች ነው። ጠቡም የሚነሳው እዚሁ ላይ ነው።

ቅጣቱ ራሱ ትንሽ ገንዘብ ነው። ግን በሰው ፊት ነው የሚጠራው። ብዙ ጊዜ ቀብር ተፈጽሞ ሰው ሳይበተን፣ ሁሉም ሣሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ጸሐፊው ደብተሩን ከፍቶ ባለፈው የቀሩትን ስም ያነባል። አንዱ ጋቢውን እያስተካከለ ይነሳል። የሚከተለው ምልልስ ከቦታ ቦታ ቃሉ ይለያይ እንጂ መልኩ አንድ ነው።

«አያ፣ የዚያን ዕለት በሬ ጠፍቶብኝ ቆላ ወርጄ ነበር።»

«ማን አይቶሃል?»

«ብቻዬን ነበርኩ።»

«በሬው ተገኘ?»

ይሄኔ ሳቅ ይነሳል። ሳቁ ተራ ሳቅ አይደለም፤ ጉባኤው ፍርዱን መስጠት ጀምሯል ማለት ነው። በሬው በእርግጥ ጠፍቶ ከሆነ፣ «ሲፈልግ አይቼዋለሁ» የሚል አንድ እረኛ ወይም አንድ ጎረቤት አይጠፋም። የሚመሰክር ከሌለ ደግሞ ሰውየው ጋቢውን ሰብስቦ ይቀመጣል፣ ጸሐፊውም ይጽፋል። ዳኛው እስካሁን «ጥፋተኛ ነህ» አላሉም፤ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቁት።

እንዲህ በቀላሉ የማያልቅም አለ። ተቀጪው ተነስቶ «አያ፣ የእርስዎ አማች ሲቀሩ ደብተሩ የት ነበር?» ካለ ጉባኤው ጸጥ ይላል። አሁን የሚዳኙት ዳኛው ናቸው። ተቆጥተው «ዝም በል» ቢሉ ሕጋቸው እዚያው አበቃ፤ ቅጣቱ ቢሰበሰብም ከዚያ በኋላ የሚሰማቸው የለም። የሚያዋጣቸው «እውነት ነው፣ ይጻፍ» ብለው የአማቻቸውን ስም እዚያው ማስመዝገብ ነው፤ የራሳቸውንም ቅጣት ከኪሳቸው ቢያወጡ አያፍሩበትም። በደንቡ ዳኛም ቢቀር ይቀጣል፤ አባሉ ከከፋበትም በሌላ ይተካቸዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ጠብ፣ በእኔ ግምት፣ ቀበሌው የሚያመጣው ነው። ቀበሌ ሰው ለስብሰባ ሊጠራ፣ ለተፋሰስ ሥራ ሊያስወጣ ወይም የማዳበሪያ ዕዳ ሊያስታውስ ሲፈልግ፣ ስምና ቤት የሚያውቅ፣ ሰው ጠርቶ የሚሰማ መዋቅር ከቅሬ የተሻለ አያገኝም። ዳኛው እምቢ ካሉ ከሹም ይጣላሉ፣ እሺ ካሉ ከአባል። ለቀበሌ ስብሰባ የቀረውን ሰው በቅሬ ደንብ መቅጣት ሲጀመር «ቅሬ ለሬሳ ነው» የሚል ድምፅ ከኋላ መሰማቱ አይቀርም፤ ድምፁም ልክ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራትን ሲያቋቁም የመዳኘት ሥልጣንም ሰጥቷቸው ነበር። ያ የፍርድ ሸንጎ ከደርግ ጋር መጥቶ ከደርግ ጋር ሄደ፤ ቅሬ ግን ዘለቀ። የዘለቀውም ሬሳ ላይ ስለተወሰነ ይመስለኛል።

የመጨረሻው ቅጣት ከቅሬ ማስወጣት ነው። የወጣ ሰው እሳት አይጫርለትም፣ ቡና አይጠራም፣ ከቤቱ ሰው ቢሞት ጥሩምባ አይነፋለትም። ዶማ ይዞ ከልጆቹ ጋር ብቻውን ሲቆፍር የሚታይ አባወራ የአገር መነጋገሪያ ነው፤ ለሚያየውም ያስፈራል። ይህ ቅጣት በጣም ስለሚከብድ ዳኛው አይቸኩሉበትም። አንድ ጊዜ ይቀጣል፣ ሁለተኛ ይቀጣል፣ ከዚያ ሽማግሌ ይላካል፣ «ልጁ ታሞ ነበር»፣ «ከወንድሙ ጋር በርስት ተካሶ ልቡ ተሰብሮ ነው» እየተባለ ምክንያት የሚፈለግለት በራሱ በቅሬው ነው። ከወጣም በኋላ በሩ አይዘጋም፤ ሽማግሌ ልኮ፣ ጥፋቱን አምኖ፣ ያለበትን ከፍሎ ይመለሳል። ነገሩ ደም የነካ እንደሆነ ግን ከቅሬ አቅም በላይ ነው፤ ያን ጊዜ የአገር ሽማግሌ ይገባል፣ በወሎም በዘር የሚወርድ የዕርቅ ሥልጣን ያላቸው አበጋሮች አሉ።

ይህ የአባልና የዳኛ ጠብ የገጠር ብቻ አይደለም። የዓለም ፕሮግራመሮች ሥራ ሲያስቸግራቸው የሚጠያየቁበት፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ስታክ ኦቨርፍሎው የሚባል ማኅበረሰብ አለ። ጀማሪው ላቡን አንጠፍጥፎ የጻፈው ጥያቄ «ከዚህ በፊት ተጠይቋል» ተብሎ ይዘጋበታል፤ ይናደዳል። ሥርዓት የሚያስከብሩት አስተናባሪዎች እንደ ቅሬ ዳኛ በድምፅ የተመረጡና ያለ ክፍያ የሚሠሩ ናቸው። ግንቦት 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ከአስተናባሪዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ሥራ አቆሙ፤ ኩባንያው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፉ የሚመስሉ መልሶችን እንዳያወርዱ እጃቸውን ስለያዘባቸው ነበር። ድርድሩ ሁለት ወር ያህል ፈጀ። የቅሬ ዳኛና የቀበሌን ነገር የሚያውቅ ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም፤ ከላይ የሚያዝ፣ ከታች የሚያማ፣ መሀል ላይ ደሞዝ የሌለው ዳኛ።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም። ከኢንተርኔቱ ማኅበረሰብ የተባረረ ሰው ሌላ ስም አውጥቶ ማታውኑ ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ ማባረር ቀላል ነው፣ በቀላሉም ይደረጋል። የኩታበሩ ሰው ሌላ ስም የለውም። ዳኛውም ቢሆኑ የሚቀጧቸው ሰዎች ነገ የእሳቸውን ቃሬዛ የሚይዙ ናቸው። ማንም ይህን በጉባኤ አይናገረውም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። «ማን አይቶሃል?» የሚለው ጥያቄ በለዘብታ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ቅሬን ከነውር ነጻ ላድርገው ግን አልልም። ሸንጎው በአብዛኛው የወንድ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት አባል ናት፣ ግዴታው አለባት፣ ቁፋሮ ሲጠራ ወንድ ልጅ ከሌላት ሰው ለምና ወይም ከፍላ ትልካለች፤ ሣሩ ላይ ደብተር ሲነበብ ግን ጉዳይዋን የሚናገርላት ብዙ ጊዜ ወንድሟ ወይም የባሏ ዘመድ ነው። ደሀውም በተመሳሳይ መንገድ ይጎዳል፤ ለቀን ሥራ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የወረደ ሰው የቀረበት ቀን የገቢው ቀን ነው። «ሥራ ላይ ነበርኩ» ማለት በአንዳንዱ ዳኛ ፊት ምክንያት ነው፣ በሌላው ፊት ንቀት ነው። ልጁን ዓረብ አገር የላከ አባት ደግሞ «ልጄ ብር ይላክ፣ የእኔ ጉልበት አልቋል» ይላል። ብሩን ከተቀበሉት ጉልበት ያለው ሁሉ ነገ ብር ይልካል፤ ካልተቀበሉት ሽማግሌ ዶማ ሊሸከም ነው። ስንቱ ቅሬ ይህን እንዴት እንደሚፈታው እየተከራከረ ነው።

አዲሱ ክርክር ደግሞ ስልክ ነው። ጥሩምባ ከጉብታ ላይ ሲነፋ «አልሰማሁም» የሚል ሰው ጎረቤቱ ይታዘበዋል፤ ጎረቤቱ ሰምቷልና። ስልክ ግን ባትሪ ይጨርሳል፣ ኔትወርክ ያጣል። «ሦስት ጊዜ ደወልኩ» ይላል ጥሩምባ ነፊው፣ «ዝግ ነበር» ይላል አባሉ፣ ዳኛው ደግሞ ደብተሩን አይተው ጸሐፊውን «ለመሆኑ ጥሩምባውን ለምን አልነፋችሁም?» ይሉታል።