የጋምቤላ በጋና ቤታችን፦ ተረትና እውነታ

ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው። ከጎሬ ደጋ ወርዶ ለሚመጣ መንገደኛ ቀድሞ የሚቀበለው ሙቀቱ ነው። ሙቀቱ ከጥር ጀምሮ እየከረረ ሄዶ በየካቲትና በመጋቢት ቀትር ላይ 40 ዲግሪን ይነካል። ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት ላይ ዝናቡ ይገባና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ጋምቤላ እንግዲህ ሁለት ዓይነት ሙቀት አላት፤ አንዱ የበጋው ደረቅ ሙቀት፣ ሌላው የክረምቱ እርጥብ ሙቀት። በአንደኛው የሠራ ዘዴ በሌላው ላይሠራ ይችላል። ከጎረቤት የምንሰማው የቤት ምክር ብዙ ጊዜ የሚያሳስተን ሁለቱን ስለሚያደባልቅ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ከመሠረቱ ስሕተት ሆኖ ጤናን ይጎዳል። ከእነዚህ አባባሎች ዋና ዋናዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት 1፦ «ቆርቆሮ ቤት በሁሉም ነገር ከሣር ቤት ይሻላል»

እውነታው፦ ቆርቆሮ የራሱ ጥቅም አለው። ምስጥ አይበላውም፣ በቀላሉ እሳት አይይዘውም፣ በየጥቂት ዓመቱም ሣር ፍለጋ አያስወጣም። በሙቀት በኩል ግን የአኙዋና የኑዌር አባቶች የሠሩት ጎጆ ይበልጠዋል። ወፍራም የሣር ክዳን በውስጡ ብዙ አየር ስለሚይዝ የፀሐይን ግለት ቶሎ አያሳልፍም። ዝቅ ብሎ የሚወርደው ጠርዙም ግድግዳውን ያጠላዋል። ባዶ ቆርቆሮ ግን ቀትር ላይ እጅ እስከማያስነካ ይግልና ግለቱን ከሥሩ በተቀመጠው ሰው ላይ ይለቀዋል።

ለዚህ ሲባል ቆርቆሮ ማፍረስ አያስፈልግም። መጀመሪያ ኮርኒስ ይሠራ። ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠራ ቀላል ኮርኒስም ቢሆን በቆርቆሮውና በሰው መካከል የአየር ክፍተት ይፈጥራል። ያ አየር ታምቆ እንዳይቀር በጣሪያው ሥር ግራና ቀኝ መውጫ ይተውለትና በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። ቀጥሎ ጣሪያውን ነጭ የቆርቆሮ ቀለም መቀባት ነው፤ ነጭ ጣሪያ ብዙውን የፀሐይ ብርሃን መልሶ ይልከዋል። በህንድ የአህመዳባድ ከተማ በዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ሰፈሮች ጣሪያዎችን ነጭ የማድረግ ሥራ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሙቀት መከላከያ ዕቅድ አካል ሆኗል። ሦስተኛው ሥራ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከቤቱ በስተምዕራብ ማንጎ ወይም ኒም መትከል። ቤት አብዝቶ የሚያቃጥለው የከሰዓት ፀሐይ ስለሆነ ጥላው በዚያ በኩል ሲሆን ይጠቅማል።

ተረት 2፦ «ሙቀት ሲጠና መስኮት ሁሉ ከፍቶ መዋል ነው»

እውነታው፦ መስኮት ቤት የሚያቀዘቅዘው የውጭው አየር ከውስጡ ሲቀዘቅዝ ነው። የውጭው ከበለጠ እሳቱን ወደ ቤት እያስገባን ነው። የጭቃ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ያለው ሰው በመጋቢት ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ መስኮቱን ዘግቶ መጋረጃውን ይጋርድ፤ ማታ አየሩ ሲረግብ ትይዩ ያሉትን መስኮቶች ከፍቶ ነፋስ ያሳልፍ። በመስኮቱ ላይ የወንፊት ሽቦ መኖር አለበት፤ አለበለዚያ ከነፋሱ ጋር ቢንቢውም ይገባል። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ከሆነ ግን ምክሩ ይገለበጣል። እንዲህ ያለ ቤት ቢዘጋ ይብሳል፤ ከፍቶት ዛፍ ጥላ ሥር መዋል ይሻላል።

ስለ ቬንትሌተርም የተሳሳተ እምነት አለ። ቬንትሌተር ክፍሉን አያቀዘቅዝም፤ የሰውን ላብ በማድረቅ ሰውነትን ያበርዳል እንጂ። ሰው በሌለበት ክፍል ማስኬድ መብራት ማባከን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው አየሩ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ቬንትሌተር ብቻውን ሰውነትን ይበልጥ ሊያሞቅ ይችላል። በዚያ ሰዓት ፊትን፣ አንገትንና ክንድን በውሃ ማራስ ወይም እርጥብ ነጠላ ትከሻ ላይ ጣል ማድረግ ያስፈልጋል።

ተረት 3፦ «ፍሪጅ ከሌለ ቀዝቃዛ ነገር የለም»

እውነታው፦ ያልተቀባ የሸክላ ማሰሮ በበጋ ጥሩ ማቀዝቀዣ ነው። ውሃው በሸክላው ቀዳዳዎች ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ይተናል፤ ሲተንም ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ብዙ ሰው ማሰሮውን ጓዳ ጥግ ይደብቀዋል፤ ትነት ግን ነፋስ ይፈልጋል። ቦታው ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያገኘው፣ ከመሬት ከፍ ያለ መደብ ነው። ለውበት ተብሎ በዘይት ቀለም የተቀባ ማሰሮ ቀዳዳው ስለሚደፈን አያቀዘቅዝም።

በዚሁ መርህ አትክልት ማቆየትም ይቻላል። የሰሜን ናይጄሪያው መምህር ሞሐመድ ባህ አባ ትንሽ ማሰሮ ትልቅ ውስጥ ከትቶ፣ መካከላቸውን በእርጥብ አሸዋ ሞልቶ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ለገጠር ቤተሰቦች አዳረሰ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. የሮሌክስ ሽልማት ተሰጥቶታል። ቲማቲም፣ ቃሪያና ጎመን በዚህ ብዙ ቀን ይቆያሉ፤ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ ማጠጣት በቂ ነው። ሥጋ፣ ወተትና ዓሣ ግን አይቀመጥበትም፤ ቅዝቃዜው ለእነሱ አይበቃም። ዝናቡ ከገባ በኋላም አየሩ እርጥበት ስለሚሞላ ትነቱ ይዳከማል፤ ዘዴው የበጋ ነው።

ተረት 4፦ «በጋ ላይ የባሮ ውሃ ጥርት ስለሚል ንጹሕ ነው»

እውነታው፦ ባሮ በክረምትና በበጋ አንድ ወንዝ አይመስልም። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከካርቱም ይመጡ የነበሩት የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ መድረስ የሚችሉት ወንዙ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ብቻ ነበር። በበጋ ደለሉ ስለሚረጋ ውሃው ይጠራል፤ ነገር ግን መጠኑም ይቀንሳል። ሰው የሚታጠብበት፣ ከብት የሚጠጣበት፣ ቆሻሻ የሚገባበት ያው ሲሆን የሚያቀጥነው ውሃ ያንሳል። ኮሌራ የሚያመጣው ተሕዋስ ደግሞ በዓይን አይታይም። በ2017 ዓ.ም. በበጋው ወራት በክልሉ የኮሌራ ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር።

ውሃ ለማከም የግድ ረጅም ሰዓት ማፍላት አያስፈልግም፤ ይህም ራሱ ሌላ ተረት ነው። በጋምቤላ ከፍታ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል፤ እንደ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ግን ውሃ ቶሎ ስለሚፈላና ሙቀቱ አነስ ስለሚል 3 ደቂቃ ይመከራል። ሃያ ደቂቃ ማንተክተክ ከሰል ማባከን ነው። የበጋውን ፀሐይም መጠቀም ይቻላል። ጥርት ያለ ውሃ ከ2 ሊትር በማይበልጥ፣ ቀለም በሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ለ6 ሰዓት ጠራራ ፀሐይ ላይ ማስተኛት ብዙዎቹን ተሕዋስያን ይገድላል። ሰማዩ ከደመነ 2 ቀን ያስፈልገዋል። የሽፈራው ፍሬ ዱቄት የደፈረሰ ውሃ ያጠራል፤ የጠራው ውሃ ግን ከመጠጣቱ በፊት መፍላት ወይም በውሃ ማከሚያ መታከም አለበት።

ተረት 5፦ «ምግብ ካልሸተተ አልተበላሸም»

እውነታው፦ ይህ አባባል በጋምቤላ ሙቀት አደገኛ ነው። ሽታ የሚያመጡትና በሽታ የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው፤ ሽታ የሌለው ወጥ ሊያሳምም ይችላል። የበሰለ ምግብ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ። «አሙቀዋለሁ» ማለትም ሁልጊዜ አያድንም፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚተዉት መርዝ በማሞቅ አይጠፋም።

የሚበጀው ትንሽ አብስሎ ወዲያው መብላት ነው። ለዚህ የሚስማማ ቀላል ወጥ ከጋምቤላ ገበያ ይገኛል። ሽንኩርትና ቲማቲም በጥቂት ዘይት ይቁላላ፤ የተከተፈ ባሚያ ይጨመርና ለጥቂት ደቂቃ ይብሰል፤ በመጨረሻ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ተቆርጦ ገብቶ ሥጋው በቀላሉ ከአጥንቱ እስኪለቅ ይቆይ። ከበቆሎ ገንፎ ጋር ይበላል። ከቤት ውጭ ጥላ ሥር፣ ማለዳ ወይም ወደ ማታ ከተበሰለ ምድጃው ቤቱን አያሞቅም።

የተረፈ ዓሣ የሚደርቀውም በዚህ ወቅት ነው። ሆዱን ሰንጥቆ፣ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ፣ በንጹሕ ውሃ አጥቦ፣ ጨው አሽቶ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ መስጣት ያስፈልጋል፤ ዝንብ እንዳይደርስበት በስስ ንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። መድኃኒት የተነከረ አጎበር ለዚህ አይሆንም። የደረቀ ዓሣ ዝናቡ ሲገባ እርጥበት ስለሚስብ ፀሐይ በወጣ ቁጥር መልሶ ማስጣት ይገባል።

ተረት 6፦ «ሙቀትን የሚያባርረው ትኩስ ሻይ ነው»

እውነታው፦ ይህስ እውነት አለበት። በካናዳ የኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ትኩስ መጠጥ ላብን ስለሚጨምር፣ ላቡ ሙሉ በሙሉ ከተነነ ሰውነት የሚይዘው ሙቀት ይቀንሳል። ደረቅ አየርና ነፋስ ያለበት ሥፍራ ይጠቅማል፤ በክረምቱ እርጥብ አየር ላብ ስለማይደርቅ ያሞቃል። በየትኛውም ወቅት ግን ሻይ የውሃን ቦታ አይተካም። ብዙ ላብ ያላበው ወይም ያስቀመጠው ሰው ኦ.አር.ኤስ. ይውሰድ። ካልተገኘ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መጠጣት ይቻላል። ሰውነቱ ግሎ የሚዘባርቅ ወይም ራሱን የሚስት ሰው ግን ወዲያው ጥላ ውስጥ ገብቶ፣ በውሃ እየራሰ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ተረት 7፦ «ወባ የሚያመጣው እሸት በቆሎና ማንጎ ነው»

እውነታው፦ ሐኪሙ ሮናልድ ሮስ የወባ ተሕዋስ በቢንቢ ውስጥ እንደሚያድግ ያሳየው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። የእሸቱና የማንጎው እምነት እስካሁን የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። ማንጎ የሚበስለው ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው፤ እሸቱ የሚደርሰው በዝናቡ መካከል ነው። በዚያው ጊዜ ቢንቢ ባቆረ ውሃ ይራባል። ሰው በቢንቢ ከተነደፈ በኋላ እስኪታመም አንድ ሁለት ሳምንት ያልፋል፤ ያኔ የሚያስታውሰው ትናንት የበላውን እሸት ነው። በዚህ ምክንያት ለልጅ ማንጎ መከልከል ጠቃሚ ምግብ መንሳት ነው። ትኩሳት ሲመጣ «እሸቱ ነው፣ ያልፋል» ብሎ መቆየት ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል፤ በዚያው ቀን ደም መመርመር ያስፈልጋል።

ተረት 8፦ «አጎበር አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ያጠነክረዋል»

እውነታው፦ ፀሐይ በአጎበሩ ላይ ያለውን መድኃኒት ታዳክማለች። አዲስ አጎበር ለ24 ሰዓት ጥላ ውስጥ ተናፍሶ ይሰቀል፤ ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውሃና በተራ ሳሙና፣ ያለ በረኪና፣ ቀስ ብሎ ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። እጣቢው ወንዝ ውስጥ መደፋት የለበትም፤ መድኃኒቱ ዓሣ ይገድላል። ከውሃ ራቅ ያለ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይደፋ። በጭስ መተማመንም አያዋጣም። ጭስ ቢንቢን ለጊዜው ቢያርቅም እሳቱ ሲጠፋ ትመለሳለች፤ ቤት ውስጥ የታመቀ ጭስ ደግሞ የልጆችን ሳንባ ይጎዳል።

እንግዲህ ሥራውን እንደ ወቅቱ መከፋፈል ነው። ኮርኒሱና ነጭ ቀለሙ ሙቀቱ ሳይከር በጥር ይለቁ። ማሰሮውና የዓሣው ቆጥ በየካቲት ይዘጋጁ። ሚያዝያ ላይ አጎበር ይጠገን፣ ግቢ ውስጥ ውሃ የሚያቁር ጉድጓድ ይደፈን፣ ችግኝ የሚተከልበት ጉድጓድ ይቆፈር፤ ችግኙን ዝናቡ ይቀበለዋል። ከአሁን በኋላ የቤት ምክር ስንሰማ ለደረቁ ሙቀት ነው ወይስ ለእርጥቡ ብለን እንጠይቅ። ይህን የለየ ቤተሰብ ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ ልጆቹን ከሙቀትም ከበሽታም ይጠብቃል።