ከኢንተርኔት መጽሐፍን በትእዛዝ ስለ ማውረድ

በገጠር ያለ መምህር ለተማሪዎቹ መጽሐፍ ከኢንተርኔት ሊያወርድ ሲጀምር ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው የመስመር መቋረጥ ነው። 100 ሜጋ ባይት ከሚሆን መጽሐፍ 90ው ከወረደ በኋላ መስመሩ ቢቋረጥና ሥራው እንደ ገና ከመጀመሪያ ቢጀመር፥ የ90ው ሜጋ ባይት ገንዘብና ጊዜ በከንቱ ይጠፋል። ስለዚህ ከተቋረጠበት ቦታ የሚቀጥልበትን መንገድ ማወቅ ታላቅ ጥቅም አለው።

ኮምፒዩተር የሚታዘዘው በሁለት መንገድ ነው፤ ይኸውም አንደኛው ሥዕልን በመጫን፥ ሁለተኛው ቃልን በመጻፍ ነው። ቃል የሚጻፍበት ስፍራ የትእዛዝ መስመር ይባላል። በዚህ ፋይል ለማውረድ ከተሠሩት ፕሮግራሞች ሁለቱ እጅግ የታወቁ ናቸው። አንደኛው ክሮኤሽያዊው ህርቮየ ኒክሺች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ያወጣው ደብሊውጌት ነው። ሁለተኛው ስዊድናዊው ዳንኤል ስቴንበርግ በ1998 ዓ.ም. በዚህ ስም ያወጣው ከርል ነው። ሁለቱም ያለ ዋጋ ይገኛሉ፤ ከርልም ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከዊንዶውስ 10 ጋር አብሮ ይመጣል።

የደብሊውጌት ትእዛዝ እንዲህ ይጻፋል። በመጀመሪያ የፕሮግራሙ ስም በላቲን ፊደል፥ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ትቶ ሰረዝና ትንሿ የሲ ፊደል ሳይለያዩ፥ ደግሞ ክፍት ቦታ ትቶ የፋይሉ ሙሉ አድራሻ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ ኤንተር የተባለው ቁልፍ ይመታል። ይህች ሲ «ቀጥል» የምትል ምልክት ናት። መስመሩ ተቋርጦ ሥራው ቢቆም፥ ፋይሉ ባለበት በዚያው ፎልደር ሆኖ ያንኑ ትእዛዝ መድገም ይበቃል።

በዚህ ጊዜ ፕሮግራሙ አስቀድሞ የወረደውን ባይት ይቆጥራል፤ ከዚያም ፋይሉ የተቀመጠበትን ሰርቨር «ከዚህ ቍጥር በኋላ ያለውን ብቻ ስጠኝ» ብሎ ይጠይቃል። ሰርቨሩም የሚችል ከሆነ 206 የሚል ቍጥር መልሶ የቀረውን ይሰጣል። ይህም ቁም ጸሐፊ ማታ ባቆመበት ቃል ላይ ምልክት አድርጎ በነጋው ከዚያው እንደሚቀጥል ያለ ነው።

ዳሩ ግን ይህን የማይችል ሰርቨር አለ። ደግሞም ባለቤቱ በመካከል ፋይሉን ለውጦት እንደ ሆነ፥ የአሮጌው ራስ ከአዲሱ እግር ጋር ተጣብቆ ፋይሉ የተበላሸ ይሆናል። ስለዚህ ጸሐፊ የጻፈውን ከእናቲቱ መጽሐፍ ጋር እንደሚያስተያይ፥ የወረደውንም መመርመር ይገባል። ብዙ ባለቤቶች ከፋይሉ አጠገብ ሻ 256 የሚባል፥ 64 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ ይጽፋሉ። በሊኑክስ ሻ256ሰም የሚባለው ትእዛዝ ከወረደው ፋይል እንዲህ ያለውን መለያ ያወጣል። ከፋይሉ አንዲት ፊደል እንኳ ብትለወጥ መለያው ሌላ ይሆናልና፥ ሁለቱ ከተስማሙ ፋይሉ ሙሉ ነው፤ ካልተስማሙ ግን አጥፍቶ እንደ ገና ማውረድ ያስፈልጋል።

አንድ ጊዜ በሙሉ የወረደውንና የተመረመረውን መጽሐፍ፥ ባለቤቱ ማባዛትን ከፈቀደ፥ በፍላሽ ወደ ሌሎቹ ኮምፒዩተሮች መገልበጥ ይቻላል። በዚህም ለአንድ መጽሐፍ የተከፈለው ገንዘብ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ይበቃል።