መንገደኞች ይሸኙበት የነበረው የሮተርዳም ሕንፃ እንዴት ከመፍረስ ተርፎ ምግብ ቤት ሆነ?

በሮተርዳም ወደብ፣ ወደ ኒውዌ ማስ ወንዝ በሚዘልቀው የዊልሄልሚና የመርከብ ማቆሚያ ጫፍ ላይ፣ ሁለት የሰዓት ማማዎች ያሉት አሮጌ ሕንፃ ቆሟል። በዙሪያው የበቀሉት የመስታወት ፎቆች ቁልቁል ያዩታል።

የምድር ቤቱ ሰፊ የመመገቢያ አዳራሽ ነው። ቤተሰብ ዓሣ አዝዞ ይመገባል፤ ብቻውን የመጣው ቡናውንና የፖም ኬኩን ይዞ በመስኮት ወንዙን ያያል። ስሙ ‘ሆቴል ኒውዮርክ’ ይባላል።

በኔዘርላንድስ የሚገኝ ሆቴል በአሜሪካ ከተማ ስም የተጠራው ያለ ምክንያት አይደለም።

የመለያያው ደጃፍ

ሕንፃው ‘የሆላንድ-አሜሪካ ላይን’ የተሰኘው የመርከብ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ተገንብቶ፣ ሥራው እየሰፋ ሲሄድ እስከ እአአ 1917 ድረስ በየደረጃው ተስፋፍቷል።

እአአ በ1873 የተመሠረተው ይህ ኩባንያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አትላንቲክን አሻግሯል። ከእነዚህም መካከል ድህነትንና ስደትን ሸሽተው ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ብዙዎች ነበሩ። ሮተርዳም ለእነርሱ የመጨረሻዋ የአውሮፓ ምድር ነበረች።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ኑሮ የከበዳቸው ኔዘርላንዳውያን ራሳቸው ከዚሁ ወደብ ተነሥተው ወደ ሰሜን አሜሪካ አቅንተዋል። ዘመድ ከዘመዱ የተለያየው፣ መሐረብ የተውለበለበው በዚህ ስፍራ ነው።

ከዚያም አውሮፕላን የመርከብን መንገደኛ ወሰደው። ኩባንያው እአአ በ1971 መደበኛውን የአትላንቲክ የመንገደኞች ጉዞ አቆመ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም ወደ አሜሪካ ተዛወረ። መርከቦች እየገዘፉ፣ ዕቃ በኮንቴይነር መጫን ሲጀምር ደግሞ የወደቡ ሥራ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ሸሸ። በከተማው አጠገብ የነበሩት መጋዘኖች ባዶ ቀሩ፤ ሕንፃውም እንዲሁ።

ለምን አልፈረሰም?

በሮተርዳም አሮጌ ሕንፃ ብርቅ ነው። እአአ ግንቦት 14 ቀን 1940 የናዚ ጀርመን አውሮፕላኖች ባደረሱት ድብደባ የከተማዋ እምብርት ወደመ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲሞቱ 80 ሺህ የሚሆኑት ደግሞ ቤት አልባ ሆኑ። በዚህ ምክንያት ከዚያ ዘመን በፊት የተሠራ እያንዳንዱ ግድግዳ ለነዋሪው የማስታወሻ ያህል ነው።

ሆኖም ትዝታ ብቻውን ጣሪያ አይጠግንም። ውሃ ያፈሰሰ ጣሪያ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘብ የሚመጣው ደግሞ ሕንፃው ሥራ ሲኖረው ነው። ኔዘርላንዳውያን ቅርስን ለአዲስ አገልግሎት የማዋል ልማዳቸው የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት መሸጫ፣ መጋዘን መኖሪያ፣ ፋብሪካ የጥበብ ማዕከል ይሆናል።

ሆቴል ኒውዮርክ እአአ በ1993 በሩን ሲከፍት፣ ዛሬ ከመሀል ከተማው ጋር የሚያገናኘው የኤራስመስ ድልድይ ገና አልተሠራም ነበር፤ ተጠናቅቆ የተከፈተው በ1996 ነው። በተተወ ወደብ ጫፍ ላይ ምግብ ቤት መክፈት ድፍረት ይጠይቅ ነበር። እንግዳው ግን በትንንሽ ጀልባዎች ወንዙን ተሻግሮ መጣ። የቢሮ ክፍሎቹ መኝታ ቤት ሆኑ፤ የእንጨት ሥራውና የድሮው መልክ እንዲታይ ተደረገ።

ያኔ ሕንፃው የኩባንያው ሹማምንትና ጸሐፊዎች ነበር። ዛሬ የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ያለው ሁሉ ይቀመጥበታል።

የአገር ቤት ምግብ

ከዚህ ወደብ የሄዱት ሰዎች ቤታቸውን ተሸክመው መጓዝ አልቻሉም፤ የቤታቸውን ጣዕም ግን ይዘው ሄደዋል። የኔዘርላንድስ የገጠር ምግብም ለብርድና ለከባድ ሥራ የተፈጠረ ነው።

‘ስኔርት’ የሚሉት የክረምት ሾርባ ከአተር ክክ የሚሠራ ሲሆን፣ በደንብ ሲወፍር ማንኪያ ቀጥ አድርጎ ያቆማል ይባልለታል። የአሳማ ሥጋውና በጭስ የደረቀው ቋሊማ ቀርቶ ቢሆን፣ የክክ አልጫ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንበትም ነበር። ‘ስታምፖት’ ደግሞ ድንች ከጎመን ጋር ተቀቅሎና ተፈጭቶ የሚቀርብ ነው።

ድንች፣ ካሮትና ሽንኩርት የሚደባለቁበት ‘ሁትስፖት’ ከታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። ከዘ ሄግ ብዙ በማትርቀው ላይደን ከተማ፣ እአአ በ1574 የስፔን ጦር ከበባውን ትቶ ሲሸሽ ምግብ የሞላበት ድስት ጥሎ ሄደ የሚል አፈ ታሪክ አለ። የከተማዋ ነዋሪዎች እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥቅምት 3 ቀን ሁትስፖት በልተው የረሃቡን ማብቃት ያስባሉ።

የአገር ምግብ ግን የሄዱት ብቻ ሳይሆን የመጡትም ሥራ ነው። ሮተርዳም የራሷ የምትለው ‘ካፕሳሎን’፣ በጥብስ ድንች ላይ ሻዋርማ፣ አይብና ሰላጣ የተደረደረበት ምግብ ነው። ስሙ ‘ፀጉር ቤት’ ማለት ሲሆን፣ የተገኘውም የኬፕ ቨርድ ተወላጅ የሆነ ፀጉር አስተካካይ ከጎረቤቱ ሻዋርማ ቤት የሚወደውን ሁሉ በአንድ ላይ በማዘዙ ነው። ከሆቴሉ ማዶ ባለው ካተንድሬኽት ሰፈርም፣ እአአ በ1923 የተሠራ የወደብ መጋዘን ታድሶ በ2025 ‘ፌኒክስ’ የተሰኘ የስደት ሙዚየም ሆኗል።

ከሮተርዳም እስከ ፒያሳ

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ ፒያሳ የሚገኘውና በእቴጌ ጣይቱ የተመሠረተው የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆቴል ከመቶ ዓመት በላይ እንግዳ ተቀብሏል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የደረሰበት የእሳት ቃጠሎ ብዙዎችን ያስደነገጠው፣ የተቃጠለው እንጨት ብቻ ስላልነበረ ነው። በዚያ የእንጨት ወለል ላይ የጾም ምግብ የበሉ፣ የተቃጠሩ፣ የተዳሩ ሰዎች የራሳቸው የሆነ ነገር እንደ ነደደ ተሰምቷቸዋል።

ሰው የሚበላበት ቤት ጠባቂ አያጣም። ቁልፉ በአንድ መሥሪያ ቤት እጅ ብቻ የቆየ ቅርስ ሲፈርስ የሚያለቅስለት ጥቂት ነው፤ ሕዝብ በማዕዱ ዙሪያ የተሰበሰበበት ግን ባለቤቱ ብዙ ነው።

በሮተርዳም የሰዓት ማማዎቹ ሥር ዛሬም መርከብ ያልፋል። ድሮ አያቶቹ የተሰናበቱበትን ስፍራ ሊያይ ከውቅያኖስ ማዶ የመጣ የልጅ ልጅ፣ አሁን ወንበር ስቦ ይቀመጥና ምን እንደሚበላ ይጠየቃል።