ድሮንን በሞተር ብስክሌት ይዞ ስለ መጓዝ

በዕረፍት ቀን በሞተር ብስክሌት ወደ ገጠር የሚወጡ ሰዎች ዛሬ ከዝናብ ልብሳቸው ጋራ ካሜራ ያላት ትንሽ በራሪ መሣሪያ፥ ማለት ድሮን፥ መያዝ ጀምረዋል። ይህም የሆነው መሣሪያይቱ እየቀለለች በመሄዷ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ከ250 ግራም የሚበልጥ ድሮን እንዲመዘገብ አዘዘች፤ ዲጄአይ የተባለው የቻይና ፋብሪካም በ2019 ማቪክ ሚኒን በ249 ግራም ሠርቶ አወጣ። በአንዲት ግራም ከመዝገብ ማምለጧ ፈገግ ያሰኛል።

ነገር ግን ቀላልነቷ በቶሎ ተጎጂ ያደርጋታል። ካሜራዋን ደግፈው የሚይዙት ጥቃቅን ሞተሮች መንቀጥቀጥን የሚያስተካክሉት በሥራ ላይ ሳለች ብቻ ነው። የሞተር ብስክሌት ንዝረት የስልክን ካሜራ እንኳ ሊያበላሽ እንደሚችል አፕል በ2021 አስጠንቅቋል። ስለዚህ ካሜራዋን በክዳኗ ሸፍኖ፥ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሎ፥ ከኋላ ሣጥን ይልቅ በጀርባ ቦርሳ መያዝ ይሻላል፤ የሰው ገላ ንዝረቱን ያበርዳልና። ጠንካራው መቆጣጠሪያ ግን በአከርካሪ ትክክል አይቀመጥ፤ መውደቅ አለ።

የምትነሣውም ከሞተር ብስክሌቱ ጥቂት ሜትር ርቃ ይሁን፤ ብረት ኮምፓሷን ያሳስታል።

ዋናው አደጋ በመመለሻዋ ላይ ነው። የሬዲዮ ግንኙነቷ ሲቋረጥ ወደ ተነሣችበት ስፍራ ትመለሳለች፤ ከፍታዋንም የምትለካው ከተነሣችበት መሬት ነው። ለምሳሌ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው የዓባይ በረሃ መንገድ፥ አንድ ሰው የመመለሻ ከፍታዋን 30 ሜትር አድርጎ ከጠመዝማዛው ማዶ ቢልካት፥ ተራራው ሬዲዮውን ይጋርዳል፤ እርስዋም 30 ሜትር ወጥታ በቀጥታ ስትመለስ ከዚያ ከሚበልጠው ገደል ጋራ ትላተማለች። ተጓዡ ጉዞውን ቀጥሎ እንደ ሆነ ደግሞ በደኅና ብትመለስም የምታርፈው እርሱ በሌለበት ነው። እንግዲህ ቆሞ ማብረር፥ የመመለሻውንም ከፍታ በዙሪያው ካለው ጉብታ አስበልጦ መወሰን ያስፈልጋል።

ፋብሪካው ለማቪክ ሚኒ የጻፈው የ30 ደቂቃ በረራም ነፋስ በሌለበት የተለካ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ክንፎቿ ይበልጥ መሽከርከር አለባቸው፤ ባትሪዋም ሲጋመስ መመለስ ይገባል።

በአገራችን ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር አስቀድሞ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ የመጣው በጉምሩክ ሊያዝ ይችላል። ማመልከቻ መጻፍ ለእኛ ለቢሮ ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም። የተፈቀደለትም ሰው ወረቀቱን ከመንጃ ፈቃዱ ጋራ አብሮ ይያዝ።